አራቱ ወንድ ጣውንቶቼ

መኬዬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ላንተ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ግን ራሴው እስቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ሰላምም ደህና ናት፤ በቁመት ደርሳብኛለች። እማዬ ለሙት ዓመትህ ከናዝሬት መጥታ ይኸው ሁለት ወር ተቀመጠች፤ ቅዳሜ ትመለሳለች። ይህን ደብዳቤም የምጽፍልህ በእሷ ትእዛዝ ነው። ያደረግኩህን ነገር ለራስህ ጽፌ ካልተናዘዝኩ፣ እጇ ላይ ያለውን ካሴት ይዛው ልትሄድ ምላለች። የትኛው ካሴት እንደሆነ አንተ አታጣውም።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ፀጉር ቤቱ ዛሬም እዚሁ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ነው፤ ከጓሮዋ ክፍል ግን ወጥቼ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬያለሁ። ሁለት አዲስ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ገዛሁ። አንተ በሽቦ ያሰርከውን አሮጌውን ልጥለው ስል ደንበኞቼ «እሱ ነው የሚያሞቀን» ብለው ከለከሉኝ። ውኃ እንደ ድሮው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ልብሶችህን በአርባህ ለነዳያን ሰጠሁ፤ ቡኒ ጃኬትህን ግን ደብቄዋለሁ። ኢምባካሲ መጋዘን አብረውህ ይሠሩ የነበሩት ለበዓል ብቅ ይላሉ፤ እንዳንተ የጉምሩክ ወረቀት የሚያውቅ ሰው አላገኘንም ይላሉ። ቴፑ ፍሪጁ ላይ ነው። አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ ከፍቼው አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጣውንቶቼ ልምጣ። አንተ በሌለህበት እንዲያ ነበር የምጠራቸው። ጣውንት ሴት ናት፤ የእኔዎቹ ግን አራት ወንዶች ናቸው፣ ያውም ጺማቸው በቅጡ ያልበቀለ። በካሴቱ ሽፋን ላይ አንድ የተላጠ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸው ነው፤ አንደኛው ጫማውን ያያል። የባንዱን ስም እዚህ አልጽፍም። ስማቸው በእኔ እጅ አይጻፍም ብዬ የማልኩት ድሮ ነው፣ መሐላዬን ገና አላፈረስኩም።

የመጡበትን ቀን አስታውሳለሁ። አንድ ወጣት ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው ከበደና ከውስጡ ካሴቶቹን አውጥቶ በፌስታል ሰጠህ። ሌሎቹን ለሰው አከፋፈልክ። ይህችን አንዷን ቴፑ ውስጥ ከተትካት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ቴፑ የተቃጠለ መስሎኝ ሮጬ መጥቼ ሶኬቱን ነቀልኩት። አንተ ሆድህን ይዘህ ሳቅክ፣ ሶኬቱን መልሰህ ሰካህ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ በቤቴ አምስተኛ ሆንኩ።

አርባ ዓመት ሊሞላህ ሁለት የቀረህ፣ እሁድ ነጠላህን አጣፍተህ ቅዳሴ የምታስቀድስ፣ ሰው ቤት ስትገባ ጫማህን በር ላይ የምታወልቅ ሰው ነበርክ። ምን አገናኘህ ከእነዚህ ጋር? ጎረቤት «ምንድን ነው ይሄ?» ሲልህ «ሃርድኮር ፐንክ የሚባል የፈረንጅ ሮክ ነው፣ ግን ዜማ ያለው ዓይነት» ብለህ እንደ ቁም ነገር ታስረዳለህ። ዜማ ያለው። እኔ ዜማውን ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ማግኘቴንም ላንተ ነግሬህ አላውቅም።

አዎ፣ አግኝቼው ነበር። ሳልወድ በግዴ የእነሱን ነገር ካንተ እኩል አወቅሁ። ድራሙ ከኋላው ሰው እንደሚያባርረው ይሮጣል። ሁለቱ ጊታሮች መጀመሪያ ስትሰማቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ደጋግመህ ስትሰማ ግን አንደኛው ከታች ሆኖ ዝም ብሎ ያንጎራጉራል። ያ ነበር ዜማው። ዘፋኙ ይጮሃል እንጂ አይዋሽም፤ ይህን ያልከው አንተ ነህ። ዘፈኑ ደግሞ አጭር ነው፣ ምጣድ ላይ የጣልኩት ሽንኩርት ሳይቀላ ያልቃል። አንተ ማታ ራት ላይ ጉርሻህን ይዘህ ትሰብከናለህ፤ እነዚህ ልጆች ሰው አላወቃቸውም እንጂ፣ ከእነሱ በኋላ የመጡት በእነሱ ነገር ነው ስታዲየም የሚሞሉት፤ እነሱ ግን በሰው ምድር ቤት ተጫውተው፣ በአሮጌ መኪና ተጉዘው፣ ማንም ሳያጨበጭብላቸው ተበታተኑ። ስትናገር ዓይንህ ያበራል። እኔ ደግሞ ዓይንህን አያለሁ። ስለ እኔ ለሰው ስትናገር እንደዚያ ያበራ ይሆን? ብዬ እጠይቃለሁ። አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቴ ድረስ ይዘሃቸው መጣህ፤ ትዝ ይልሃል? የሙሽራ አክስት ፀጉሯን በቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ ተቀምጣለች። አንተ «ትንሽ ይነቃቁ» ብለህ ከፈትከው። ሴትዮዋ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ከነቢጎዲኗ መንገድ ላይ ወጣች። ደንበኞቼ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ያኔ ተቆጣሁ፣ ሰውም የተቆጣሁት በሴትዮዋ ነገር መሰለው። አልነበረም። እኔ የተቆጣሁት በጉዳይህ መሃል ልታየኝ መጥተህ፣ እነሱን አስከትለህ ስለመጣህ ነው።

ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሴት ብትሆን ናይሮቢ ያለች ሐበሻ ሁሉ ፀጉሯን የምትሠራው እኛው ሰፈር ነው፣ አንድ ቀን እጄ ላይ ትወድቅልኝ ነበር። አራት ወንድ ካሴት ውስጥ ተደብቀው ሲመጡብኝ ግን ምን አደርጋለሁ? የማይታይ ነገር ላይ ቀንተው አያሸንፉም።

እናትህ በመጋቢት መባቻ ያረፈች ጊዜ መርዶው ሲነገርህ አላለቀስክም። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ፣ ሰው ወንድ ልጅ ይጨክናል እያለ፣ አንተ ወንበር ታቀርብ ነበር። እኔ ማታ ማታ እጠብቅህ ነበር። ብቻችንን ስንሆን እኔ ላይ ያለቅሳል ብዬ ትከሻዬን አዘጋጅቼ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መኝታ ቤት ስገባ ቴፑን ታቅፈህ፣ ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ አድርገህ፣ ትንሰቀሰቃለህ። አላየኸኝም። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ለእኔ የነፈግከኝን እንባ ለእነሱ ሰጠህ።

የባሰው ግን ደብዳቤው ነው። አልጋ ሳነጥፍ ከፍራሹ ስር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሦስት ገጽ ወረቀት አገኘሁ፤ ተሰርዞ ተደልዞ የተጻፈ ረቂቅ ነው። ለካ በካሴቱ ሽፋን ላይ ባለው አድራሻ ለአራቱ ልጆች ጽፈህላቸው፣ ንጹሑን ገልብጠህ በፖስታ ልከኸው ኖሯል። እንግሊዝኛዬን ታውቀዋለህ፤ ቃል በቃል እየለቀምኩ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። «እናንተን ስሰማ አልፈራም» ይላል። እዚያ ላይ ቆየሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ትፈራ እንደነበር አልነገርከኝም። ለእኔ አንድ መስመር ጽፈህ አታውቅም። ለገበያ የሚገዛውን እንኳ በቃልህ ነበር የምትነግረኝ። ሁለተኛውን ገጽ እኩሌታው ላይ ተውኩት፤ ሦስተኛውን አላየሁትም። መልስ እንዳልመጣልህ አውቃለሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ፖስታ ሳጥን ስትመላለስ አይቼሃለሁ፣ በየሳምንቱ ባዶ እጅህን ስትመለስም ደስ ይለኝ ነበር።

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላሉ። እኔ እጅ ላይ የነበረው ማጭድ ቴፑ ነው። ኑዛዜዬ ይኸውልህ፣ መኬ።

ለእማዬ ደብዳቤ የምልከው በድምፅ እንደነበር ታውቃለህ። ማንበብ አትችልም፣ ስልኩም ውድ ነው፤ እኔ ካሴት ላይ አወራላታለሁ፣ ወደ አገር የሚሄድ ሰው ይወስድልኛል። ሁልጊዜ ባዶ ካሴት ከመደብር እገዛ ነበር። ደብዳቤውን ባገኘሁ ማግስት ግን አልገዛሁም። የአንተን አወጣሁ። ማንም እንዳይቀዳበት ብለህ ከላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሰብረሃቸዋል። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ቀዳዳው ከተወተፈ መልሶ እንደሚቀዳ ደግሞ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። የሚወተፍ ወረቀት ፈለግሁ። ያን ረቂቅህን አነሳሁ፣ ከሦስተኛው ገጽ ሁለት ቁራጭ ቀደድኩ፣ አድቦልብዬ ወተፍኩበት። የቀረውን ገጽ ከእሳት ጨመርኩት። ከዚያ ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ ማውራት ጀመርኩ።

ረዥም ነበር ያወራሁት። ለእማዬ ምን እንዳልኳት አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ባሌን ጩኸት ወሰደብኝ፣ ቤቴ ውስጥ አራት ጎረምሳ ቀለብ ሳይሰፈርላቸው ይኖራሉ፣ ልቡ ከእኔ ጋር የለም፣ አልኳት። አንዱን ገጽ ሞልቼ ገለበጥኩት፤ ሁለተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወሬ አለቀብኝና የሰፈሩን ሰው ሁሉ በየስሙ ሰላም ማለት ያዝኩ፤ ካሴቱ ሳያልቅም ዘጋሁት።

ሦስት ቀን ፈለግኸው። በአልጋው ሥር፣ በሰላም ቦርሳ፣ በጃኬትህ ኪስ። በሦስተኛው ቀን «ውይ፣ ለእማዬ ቀዳሁበት እኮ፣ ባዶ መስሎኝ» አልኩህ። ውሸቴን ነበር። ፊቴን አየኸኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሄዷል?» አልክ። እሁድ ነው የሚሄደው አልኩህ። «ይሁን፤ አምጪው፣ በደንብ ልጠቅልለው» ብለህ ካሴቱንና ቴፑን ይዘህ መኝታ ቤት ገባህ። ትንሽ ቆይተህ በላስቲክ ጠቅልለህ መለስክልኝ። እኔ የተረፈ ካለ እየፈለገ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ካሴቱ አንድ ቀን አላነሳህብኝም። ከተማውን ግን አሰስከው። አንድ ቀን ፓርክላንድስ ያለ የሙዚቃ መደብር አብሬህ ገባሁ። ሻጩ የባንዱን ስም ሰምቶ አያውቅም፤ «እስቲ ዝፈንልኝ» አለህ። አንተም በሰው ፊት፣ ከነሱፍ ሹራብህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ዘፈንክለት። ሰው ቆሞ አየህ። ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። ስንወጣ ታክሲ ድረስ በእግር ሄድን። ያኔ ልናገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ግማሽ ልቤ አዘነልህ፤ ግማሹ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «አሁን እኩል ሆንን፣ አንተም የምትወደውን አጣህ» አለ።

ሆስፒታል ተኝተህ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ጣትህ አላርፍ አለ። የአልጋውን ብረት ትመታለህ፤ ነርሷ ሕመም ነው አለች። እኔ አውቄዋለሁ። የካሴቱ የመጨረሻ ዘፈን ድራም ነበር። እጄን እጅህ ላይ አደረግሁና ጣትህ ከእጄ ሥር መምታቱን ቀጠለ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሱ ከእነሱ ጋር ነው ብዬ ቀናሁ። በሞት አፋፍ ላይ ባለ ባሏ የምትቀና ሴት ካለች እኔ ነኝ። ሌላ አላውቅም።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከለቅሶ ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ደረስኩና እግሬ ቆመ። ከቤት ውስጥ የእነሱ ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ አእምሮዬን የሳትኩ መሰለኝ። ሰላም ናት፣ የትም አግኝታው ነው ብዬ በሩን ስከፍት፣ እማዬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቴፑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አንገቷን በቀስታ ትነቀንቃለች። ሰላም መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ የዳዲ ባንድ ፖዋ፣ አሪፍ ነው እኮ፤ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። እማዬ ደግሞ ዞር ሳትል «ዝም በሉ፣ የሚቀበሉት ቦታ ላይ ሊደርስ ነው» አለች። ሊደርስ ነው። ቦታውን ታውቀዋለች።

ለካ ካሴቶቼን ሁሉ በፌስታል አስራ ስታመጣ ያቺም ነበረችበት። መልሳ አጠነጠነችውና ከእኔ ድምፅ ጀምሮ አሰማችኝ። በራሴ ጆሮ የራሴን ክፋት ሰማሁ። ሰላምታውን እየደረደርኩ ሳለሁ፣ በአንዷ ጎረቤት ስም መሃል ላይ ድምፄ ተቆረጠ። አንተ ቆርጠኸኛል። አንተም አጥፍተኸኛል፣ መኬ፤ እኩሌታ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ግን አጥፍተኸኛል። ከዚያ አንተ መጣህ። ከሞትክ ወዲህ ድምፅህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«እማማ፣ መኮንን ነኝ። ዜኒ የነገረችዎት ሁሉ እውነት ነው፤ አይጨነቁ። ከዚህ ቀጥሎ ከመጥፋት የተረፈ አንድ ዘፈን አለ። ጩኸት ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ይታገሡኝ። መጨረሻው ላይ ልጁ ድምፁ ያልቅበታል፤ ያኔ ሌሎቹ ይቀበሉታል። እኔ የምወደው እሱን ነው። ካሴቱን እርስዎ ያስቀምጡልኝ፤ እዚህ ከቀረ ዜኒ ትጨርሰዋለች። እሷ ራሷ እስክትጠይቅዎት አይንገሯት።»

አውቀህ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አውቀህ፣ የጠቀለልከውን ካሴት ፓርክላንድስ ድረስ ስትፈልግ እኔን አስከትለህ ሄድክ። እስክናገር ትጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ አልጠየቅሁም፣ አልተናገርኩም።

ከዚያ ዘፈኑ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ልጁ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሦስቱ ካቆመበት ያነሱለታል። እማዬ «መጀመሪያ ያበደ ሰው መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው ሙሾ መሆኑ የገባኝ። አንዷ ታወጣለች፣ ስትደክም ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ምን ልዩነት አለው?» አለችኝ። ናዝሬት ያለች፣ ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ቀድማኝ ገብቷታል። እናትህ ስታርፍ ምን ታለቅስበት እንደነበረ እኔ ያን እሁድ ነው የገባኝ። እማዬ ግን ካሴቱ ከደረሳት ጀምሮ፣ በየዓመቱ መጋቢት ሲብት ለእናትህ ብላ ትከፍተው ኖሯል። የምትወደውን ቦታ ለእሷ ነገርካት፣ ለእኔ አልነገርከኝም። ይኸው፣ በገዛ እናቴም ቀናሁ።

ካሴቱን ስጪኝ አልኳት። አልሰጥም አለች። «አደራ ነው። አንቺ ታጠፊዋለሽ ብሎኛል። ያጠፋሽውን አውቀሽ እንዳጠፋሽው ለባልሽ ጻፊለት፤ እኔ ፊት አንብቢው፤ ከዚያ እናያለን» አለች። ሰላም ኮፒ እናድርገው አለች፣ አይሆንም አልኩ። ለምን እንደሆነ አልዋሽህም። ለሌላ ሰው ላካፍላችሁ አልፈለግሁም። ድሮ ማንም ባያውቃቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱ ብቻ ተለወጠ።

እስከዚህ ያለውን ጽፌ አነበብኩላት። ስለ ፓርክላንድሱ ሳነብ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስለ ቢጎዲኗ ሴትዮ ስደርስ ግን እንደገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ከዚያ ተነስታ ካሴቱን ከቦርሳዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ቅናቴ አልለቀቀኝም፣ መኬ። እጄን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ሆድ ሲብሰኝ ቀዩን ቁልፍ መልሼ እንደማልጫነው ማን ዋስ ይሆነኛል? ስለዚህ የፀጉር መርፌ አመጣሁና ከሁለቱ ቀዳዳ የወተፍኳቸውን ወረቀቶች አወጣኋቸው። ከእንግዲህ ማንም አይቀዳበትም፤ እኔም ብሆን። አንደኛው ቁራጭ ባዶ ነው፣ የገጹ ጠርዝ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን በጥፍሬ እየዘረጋሁ ሳቃናው የአንተ እጅ ጽሕፈት ወጣ። ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ፤ ከፊቱም ከኋላውም ተቀዷል። «ባለቤቴ ደግሞ» ማለት ነው።

ያላነበብኩት ገጽ ላይ እኔ ነበርኩ። ባለቤትህ ደግሞ ምን? ስለ እኔ ያልከውን በገዛ እጄ አቃጠልኩት። ንጹሑ ግልባጭ ግን ባሕር ተሻግሮ ሄዷል። አራቱ ልጆች አንብበውት ይሆናል፤ ጫማውን የሚያየው ልጅ ስለ እኔ ያልከውን ያውቅ ይሆናል። እኔ አላውቅም።

ካሴቱን ከነቡኒ ጃኬትህ አስቀምጬዋለሁ። በየዓመቱ አንተ በሄድክባት ቀን ከሰላም ጋር እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ፤ የልጁ ድምፅ ሲያልቅ እኔም እቀበለዋለሁ። የቀረኝን ዕድሜ የማስታውስህ እንዲህ ነው። ሦስቱ ቃላት ያሉበትን ወረቀት መስታወቴ ጥግ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሴት ፀጉር ስሠራ በየቀኑ አየዋለሁ። ለእነሱ ደግሞ ልጽፍላቸው ነው። አድራሻው ሽፋኑ ላይ አለ። ስማቸውን በእጄ መጻፍ ግድ ስለሆነ መሐላዬን ነገ አፈርሳለሁ።

ዜኒ